«ለሰው ልጅ ስንቅ ልቋጥር ነው?»

ለገጠር ተማሪዎች የጉብኝት ገንዘብ ላሰባስብ የሚል መምህር ከሁሉ በፊት «ማን ነው የሚሄደው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይኑረው። የብሩ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ይህን የተማርኩት ጃናሞራ ሳስተምር ነው።

ጃናሞራ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ያለ ወረዳ ነው። ትምህርት ቤታችን ከመኪና መንገድ በእግር የሰዓታት መንገድ ይርቃል። እኔ የኅብረተሰብ መምህር ነበርኩ፤ የታሪክና ቅርስ ክበቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። የስምንተኛ ክፍል ልጆቼን ስለ ፋሲል ግንብ ብትጠይቋቸው አያሳፍሩም። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን እንደ ቆረቆሩ፣ ግቢው በ1979 በዩኔስኮ እንደ ተመዘገበ ይነግሯችኋል። አገራችሁ የት ነው ቢባሉም መልሳቸው «ጎንደር» ነው። ግንቡን በዓይኑ ያየው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እሱም ቢሆን ዘመድ ታሞ ሆስፒታል ሲወሰድ አብሮ የሄደ ልጅ ነው።

ነገሩ የሆነው ከኮሮና በፊት ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ የአካባቢው ተወላጅ ነጋዴ ለትምህርት ቤቱ ደወሉ። ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ልጆች አዲስ አበባ ወስደን ብሔራዊ ሙዚየምን እንድናሳያቸው ፈለጉ። ከወጪው የሚበዛውን እሳቸው ሊችሉ፣ ቀሪውን ወላጅ ሊሞላ ነው። ርዕሰ መምህራችን በደስታ ተቀበሉት። ማንስ አይቀበልም? ድንቅነሽን ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ቢሆንም፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረች ፍጡር ቁመቷ ከነሱ እንደሚያንስ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ።

እኔን የከነከነኝ «ደረጃ የወጡት» የሚለው ነው። በኛ ትምህርት ቤት ደረጃ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ቤቱ ቅርብ የሆነ፣ ከብት የሚጠብቅለት ታናሽ ወንድም ያለው ልጅ ነው። ጎበዝ አይደለም ማለቴ አይደለም። ግን ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ገደል ወጥታ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የምትደርሰው ልጅም ጎበዝ ናት። እሷን ደረጃ አያገኛትም።

ወላጆች ተሰበሰቡ። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ ስለ ጉዞው አስረድተው መዋጮ ጠየቁ። ዝም ተባለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ስብሰባ የመራ ሰው ያውቀዋል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«መምር፣ እኔ አልሰጥም አላልሁም። የኔ ልጅ ደረጃ አትወጣም። ለሰው ልጅ ስንቅ ልቋጥር ነው?»

ያን ቀን ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። በማግስቱ በመምህራን ስብሰባ ላይ ሐሳቤን አቀረብኩ። አዲስ አበባ ይቅርና ጎንደር እንሂድ። በደረጃ መምረጡም ቀርቶ ስምንተኛ ክፍል በሙሉ ይሂድ። ክፍሉ በአንድ ትልቅ አውቶቡስ ልክ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ስምንተኛም ተራው ይደርሰዋል። ክርክሩ ረጅም ነበር። «እርግጠኛ ረጂ በእጃችን እያለ ለምን እናስቀይማለን?» ያሉ ነበሩ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ ረጂ እንደ ልብ አይገኝም። ርዕሰ መምህሩ ግን የሽማግሌው ንግግር ከአእምሯቸው አልወጣም ነበርና «እንሞክረው» አሉ።

ወላጆችን እንደገና ጠራን። ይኼኔ የሆነውን ባላይ አላምንም ነበር። ብር ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ገብስ ግን አለ። ወሩ ጥር ነው፣ ውቂያው አልቋል። «በቁና እንስጥ» ተባለ። አንዱ ቁና ሙሉ፣ ሌላው ግማሽ አመጣ። አንዲት ባል የሞተባት እናት እንቁላል ይዘው መጡ። ገብስም እንቁላልም የሌለው አህያውን ለገበያው ቀን አዋሰ። ሰብሳቢው አንድ ነገር ወሰኑ፤ እስከ ዛሬ የማደንቃቸው በዚህ ነው። እንደ ልማዱ የሰጪው ስምና መጠን በስብሰባ ላይ ተነብቦ እንዳይጨበጨብ ከለከሉ። መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ማየት የፈለገ ያያል፣ አለቀ። ጮክ ብሎ ቢነበብ ኖሮ እኚያ እናት እንቁላላቸውን ይዘው የሚመጡ አይመስለኝም።

እህሉን ወዲያው አልሸጥነውም። ጥር ላይ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል። ደርቆ ዕቃ ቤት ገባ፤ ቁልፉ ሦስት ሰው ጋ ሆነ። አይጥ እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ተሠራለት። ከፋሲካ በፊት ዋጋው ሲያንሰራራ አወጣነው። ገንዘቡም በደረሰኝ ገቢ ሆኖ በሦስት ፈራሚ ባንክ ገባ።

ቀጥሎ ለነጋዴው ደብዳቤ ተጻፈ። የመጀመሪያው ረቂቅ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ነበር፤ «የተማሪዎችን ተነሳሽነት ለማሳደግ የበኩልዎን አስተዋጽኦ ያበረክቱ ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን» የሚል። ይህን የሚያነብ ሰው ምን እንደሚከፍል አያውቅም። ቀደን እንደገና ጻፍነው። የመጀመሪያው መስመር ወላጆች ምን እንደ ሸፈኑ ይናገራል። የራትና የቁርስ ወጪ፣ የመግቢያው፣ ልጅ ቢታመም የሚሆን መጠባበቂያ። ከሥር የጎደለው፦ የኮንትራት አውቶቡስ፣ ደርሶ መልስ፣ ከነዋጋው። ለምን ሁሉም ልጅ እንደሚሄድም በሦስት መስመር ገለጽን። ሰውዬው መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። ደብዳቤው ከደረሳቸው በኋላ ግን ደውለው «የመኪናውን እኔ እችላለሁ» አሉ። ከዚያ ሌላ አልጨመሩም፤ እኛም አልጠየቅንም።

የሴቶቹ ነገር ለብቻው ሥራ ነበር። ውጭ ማደር ስላለ እናቶች ፈሩ። በልመናና በምክር አልገፋናቸውም። አንዲት መምህርት እንድትሄድ፣ ከእናቶችም ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ ሆነ፤ መራጮቹም ራሳቸው እናቶቹ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የቀረች ሴት ልጅ የለችም። ማደሪያም ሆቴል አላሰብንም። ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ አጽፈን አንድ የጎንደር ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል አስለቀቀልን።

የወጣነው በበዓለ ሃምሳ ነው። ጾም የለም፣ የተገኘውን ሁሉ መብላት ይቻላል። ክልላዊ ፈተናውም ገና ነው። ልጆቹ በጨለማ ተነሥተው መኪናው ድረስ በእግር መጡ። ቧሂትን ከ4,000 ሜትር በላይ ላይ ስናቋርጥ ጭላዳ ዝንጀሮ እያዩ አልተደነቁም፤ በየቀኑ የሚያዩት ነው። ከደባርቅ በኋላ ያለው አስፋልት ግን አስደነቃቸው።

በማግስቱ ግንቡ ጋ ደረስን። አስጎብኚው ደህና አድርጎ አስረዳ። የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ለምን ጣሪያ እንደሌለው ሲናገር፣ እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ጣሊያንን ሲደበድቡ እንደ ተጎዳ ሲሰሙ ልጆቹ አጉረመረሙ። ከዚያ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት ልጅ ናት። የሽማግሌው ልጅ።

«ይኼን ሁሉ ድንጋይ ማን ተሸከመው?»

አስጎብኚው ትንሽ አሰበ። ንጉሥ ስለ ማሠራቱ ነበር ሲናገር የቆየው። ከዚያ ስለ ግንበኞቹ አነሣ፤ በአካባቢው በግንበኝነትና በብረት ሥራ ይታወቁ ስለነበሩት ቤተ እስራኤላውያን፣ ስለ ኖራው፣ ድንጋይ ስለሚጠርቡት። ልጅቷ አልረካችም። «የሚጠርበውንማ ሰማሁ። የሚሸከመውን ነው» አለች። እሷ ድንጋይ መሸከም ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ የእርከን ሥራ ላይ ትሸከማለች። አብራን የመጣችው እናት ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች «እውነቷን ነው፣ ይኼ በሰው ጀርባ ነው የወጣ» አለች። ከዚያ ጥያቄው ዘነበ። አንዱ የግድግዳውን ውፍረት በክንዱ ለካ። ሌላው ውሃው ከየት ይቀዳ እንደነበር ጠየቀ። በመጽሐፉ ላይ ያለችውን አንዲት አንቀጽ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም።

እንደ ተመለስን ሒሳቡን በአንድ ወረቀት ጽፈን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍን። የገባው፣ የወጣው፣ የተረፈው። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ልጆቻቸው አነበቡላቸው። ጥቂት ብር ተርፎ ነበር። በስብሰባው ላይ የሰባተኛ ክፍል ወላጆች ቀድመው እጅ አወጡ። የተረፈው ባንክ ይቆይ፣ ለከርሞ መነሻ ይሁን አሉ። ገብሱ ከጥር ይልቅ በውቂያው ሰሞን፣ በየአውድማው ቢሰበሰብ ይሻላል ብለውም ጊዜውን ራሳቸው ወሰኑ። ነጋዴውም በዓመቱ ኅዳር ላይ ደወሉ። «ዘንድሮ ስንት ልጅ ነው?» አሉ።