የማን ልጅ ነህ?

ትሩኮለር የሚሉት የደዋይ ስም የሚያሳይ መተግበሪያ ስም ያወጣልሃል እንጂ ሰውየውን አይነግርህም። ባለፈው «ጤፍ አዘዞ» የሚል ደወለልኝ፤ አዘዞ እዚህ ጎንደር ያለ ሰፈር ነው። ያዘዝኩት ጤፍ የለም፤ ላላነሳው ነበር። ሳነሳው የልጄ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ አረፈው። ለካ ቅዳሜና እሁድ ጤፍ ያመላልሳል፤ ደንበኞቹም በዚያው መዝግበውታል። የአስተማሪ ደመወዝ ለሚያውቅ ሰው ይህ አይገርምም።

መተግበሪያው እ.ኤ.አ. በ2009 ስዊድን፣ ስቶክሆልም ውስጥ የተጀመረ ነው። ብዙ ሰው ስሙን ከቴሌ የሚያመጣ ይመስለዋል። ግን ከራሳችን ነው የሚለቅመው። አንዱ ስልኩ ላይ ጭኖት ማውጫውን እንዲያይ ከፈቀደለት፣ እዚያ ውስጥ ያለነው በተመዘገብንበት ስም ልንገባለት እንችላለን። ሰዎች አጭበርባሪ ነው ብለው ያመለከቱበት ቁጥር ደግሞ ቀይ ሆኖ ይመጣል። እሱስ ይሁን፣ ይጠቅማል። እኔ ግን ባልደረባዬ ስልክ ላይ «አከራይ ማራኪ» ሆኜ ቁጭ ብያለሁ፤ ማራኪም የጎንደር ሰፈር ነው። ኧረ እኔ ራሴ ተከራይ ነኝ! አንድ ሰሞን ለአክስቴ ሰርቪስ ቤት ሰው ሳፈላልግ ነበር፤ ስሙን ያወጣልኝ የዚያን ጊዜው ደላላ ሳይሆን አይቀርም። ድረ ገጻቸው ላይ ገብቶ ቁጥርን ማስወጣት ይቻላል። አላስወጣሁትም፤ ያዝናናኛል።

ድሮ ቁጥሩ ራሱ ይናገር ነበር። 011 ከሆነ አዲስ አበባ፣ 058 ከሆነ ጎንደር ወይ ባሕር ዳር። ሞባይል ሲመጣም 0918 ካየን የእኛው አገር ሰው ነው ብለን እናነሳ ነበር። በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር 07 ተጨመረ። አሁን ቁጥር አይቶ አገር መለየት ቀርቷል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በክልላችን በአማራ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ትሩኮለርም አብሮ ዝም አለ። ያልታወቀ ቁጥር ይበልጥ የሚያስደነግጠው ደግሞ ያኔ ነበር። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ቴሌብር ይሻላል፤ በ*127# ያለ ዳታም ይሠራል። ብር የምትልክ መስለህ ቁጥሩን ታስገባለህ፣ ስም ሲያሳይህ ታቆማለህ። በመታወቂያ የተመዘገበ ስም ነው፤ ጤፍም አከራይም አይልህም።

እናቴ ይህ ሁሉ አይገባትም። የመጣውን ስልክ ሁሉ ታነሳለች። «እስራኤል ያሉት ልጆች ቢሆኑስ?» ነው መልሷ። እውነቷን ነው፤ እነሱ በኢንተርኔት ሲደውሉ የሚመጣው ቁጥር የሰው ቁጥር አይመስልም።

ባለፈው ሳምንት ቡና እየጠጣን ስልኳ ጮኸ። ድምፁ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

«እናቴ፣ ከባንክ ነው የምንደውለው። አሁን ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ።»

ስልኩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። በመዳፏ መለሰችኝ።

«እሽ ልጄ። የማን ልጅ ነህ?»

«ከባንክ ነው እናቴ።»

«ባንክ ወለደህ? አባትህ ማን ይባላል? ወዴት ነው አገርህ?»

ልጁ ትንሽ ተንተባተበ። አንድ ስም ጠራ። እሷም የአያቱን ስም ጠየቀች። ከዚያ አገሩ ደምቢያ ይሁን አርማጭሆ እንዲለይላት ፈለገች። ደርግም እንዲህ ሰው መርምሮ አያውቅ! ጠጥ፣ ተዘጋ።

እኔ ቁጥሩን አጭበርባሪ ብዬ አመለከትኩበት። እሷ አሁንም በንዴት ላይ ናት።

«ደህና ዋይ እንኳ አይልም?»