ነገ የሚፈርድበት ሳይንስ

ሰሞኑን ሮበርት ፊትዝሮይ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ዳርዊንን ይዛ ዓለምን የዞረችው የቢግል መርከብ ካፒቴን ነው። በኋላ የብሪታንያ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1859 ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ በማዕበል ተሰባብራ ከ400 በላይ ሰው ሲሞት፣ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ከየወደቡ በቴሌግራፍ የሚደርሰውን የአየር ግፊትና የነፋስ መረጃ እያየ ማስጠንቀቂያ መላክ ጀመረ። በ1861 የአየር ሁኔታ ትንበያው ጋዜጣ ላይም ወጣ።

መከራው የመጣው ከዚያ ነው። ትንበያው በሳተ ቁጥር ተሳቀበት። ሳይንቲስቶቹም በግምት የሚሠራ አድርገው አዩት። በ1865 ራሱን አጠፋ። ዕዳም ሕመምም ስለነበረበት ትንበያው ገደለው ማለት አይቻልም። በቀጣዩ ዓመት ግን አንድ ኮሚቴ ሥራውን ነቀፈና ማስጠንቀቂያውም ትንበያውም ቆመ። ማስጠንቀቂያው በ1867 ሲመለስ፣ ይመለስልን ብለው ከጮኹት ውስጥ የባሕር ሰዎች ነበሩበት። ለሳይንስ ክብር የሚጨነቀውና ማዕበሉ ላይ የሚውለው አንድ ሰው አልነበረም።

ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አራጎ ደግሞ ለስሙ የሚጠነቀቅ ሳይንቲስት የአየር ሁኔታ አይተነብይም ባይ ነበር። ዝም አይነቅዝም አይደል! የፀሐይ ግርዶሽን በሰከንድ የሚናገር ሰው ለምን በዝናብ ይዋረድ?

በ1961 አሜሪካዊው የሜትሮሎጂ ባለሙያ ኤድዋርድ ሎሬንዝ የአየር ሁኔታን በኮምፒውተር ሲያሰላ፣ 0.506127 የሚለውን መነሻ ቁጥር 0.506 ብሎ አስገባ። ስሌቱ ትንሽ እንደሄደ ፍጹም ሌላ የአየር ሁኔታ አወጣ። ከባቢ አየሩን ደግሞ በዚያ ልክ አጥርቶ የሚለካ መሣሪያ የለም። ለዚህም ነው ዛሬ ባለሙያዎች መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየቀያየሩ አንዱን ስሌት ደጋግመው የሚያስኬዱት። «30 በመቶ ይዘንባል» የሚባለውም ከዚህ፣ ከስሌቶቹ ስንቱ ዝናብ እንዳሳየ ከመቁጠር ይመጣል። ከዘነበ ታዲያ «ዋሹን» እንላለን።

እኔን የሚከነክነኝ «የነገውን ያላወቁ የ50 ዓመቱን የአየር ንብረት እንዴት ያውቃሉ?» የሚለው ፌዝ ነው። አፍ ያስይዛል፣ ግን ጥያቄዎቹ የተለያዩ ናቸው። አንዱ የአንድን ቀን ውሎ ይጠይቃል፣ ሌላው የብዙ ዓመታትን አማካይ። ስልካችንም አላገዘንም። ያንን ሁሉ ጥርጣሬ አንዲት የደመና ሥዕል ውስጥ ደብቆ ያቀርብልናል። እኔ አሁን ሥዕሉን ትቼ መቶኛውን ነው የማየው። 50 በመቶ ሲለኝ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያናድደኛል።