ከታችኛው ጫፍ ስንት ቁጥር ልስጥ?

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ በመስኖ ቦይ ውስጥ የሚሄድ ማዕበልን በኮምፒውተር ማስላት ነበረብኝ። እኩልታዎቹ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሴን-ቬናን በ1871 ያወጣቸው ናቸው። የማይታወቁት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ የውሃው ጥልቀትና የውሃው ፍጥነት። የቦዩም ጫፍ ሁለት ነው። እኔም በሁለቱም ጫፍ ላይ ጥልቀቱንም ፍጥነቱንም ወስኜ አስገባሁ። መረጃ በበዛ ቁጥር ስሌቱ የሚጠነክር መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ደህና ሄደ። ማዕበሉ ታችኛው ጫፍ ሲደርስ ግን የውሃው ገጽ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነ። ግሪዱን፣ ማለትም ስሌቱ የሚሠራበትን የነጥቦች መረብ፣ አደቀቅኩት። ጥርሶቹም አብረው ደቀቁ እንጂ አልጠፉም። የጊዜ እርምጃውን አሳነስኩ፤ ለውጥ የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮዱ ውስጥ ስህተት ስፈልግ ከረምኩ። ኮዱ ግን ደህና ነበር። የተበላሸው ጥያቄዬ ነው።

አማካሪዬ ወረቀት ላይ የክራር ክር ሳለልኝ። ሁለቱም ጫፉ የታሰረ፣ ርዝመቱ 1፣ የማዕበሉም ፍጥነት 1 ነው እንበል። «ክሩ በሰዓት 0 ቀጥ ያለ ነበር፤ በሰዓት 1ም ቀጥ ያለ ነው። መሃል ላይ ምን ሲያደርግ ነበር?» አለኝ። ዝም ብሎ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ወይም አንድ ጊዜ ወደ ላይ ጎብጦ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ በትንሹም በትልቁም። መልሱ ማለቂያ የለውም። ጊዜ የሌለበት፣ የረጋ ነገርን የሚገልጸው የላፕላስ እኩልታ ዙሪያውን ሁሉ ቁጥር ብትሰጡት ደስ ብሎት ይቀበላል። የማዕበል እኩልታ ግን የጊዜውን መነሻም መጨረሻም እንዲህ ቀድሞ መወሰንን አይቀበልም። መነሻው ላይ ቅርጽና ፍጥነት ይጠይቃል፤ መጨረሻውን ራሱ ይናገራል።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዣክ አዳማር በ1902 የጀመረው ሐሳብ ይኸው ነው። ጥያቄው መልስ ይኑረው፤ መልሱ አንድ ብቻ ይሁን፤ የሰጠነው ቁጥር ትንሽ ሲነቃነቅ መልሱም ትንሽ ብቻ ይነቃነቅ። የእኔ ጥያቄ የመጀመሪያውን እንኳ አላለፈም። ታችኛው ጫፍ ላይ የሰጠሁት ሁለተኛው ቁጥር፣ ከላይ ሲወርድ ከመጣው ጋር ካልተስማማ መልስ የሚባል ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ደግሞ መልስ የለም አይልም። የመጋዝ ጥርስ ያወጣል።

ታዲያ ስንት ቁጥር ይሰጣል? በየጫፉ ወደ ቦዩ የሚገቡትን መልእክቶች፣ ማለትም ማዕበል ተሸክሟቸው የሚሄዱትን ለውጦች፣ መቁጠር ነው። ወንዝ ዳር ቆማችሁ ድንጋይ ወርውሩ። ውሃው ከማዕበሉ የዘገየ ከሆነ ክቡ ሽቅብም ይሄዳል። የእኔ ቦይ 2 ሜትር ጥልቀት አለው፤ በዚያ ጥልቀት ማዕበል በሰከንድ 4.43 ሜትር ይሮጣል። ውሃው ራሱ በሰከንድ 1 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ አንዱ መልእክት በ5.43 ቁልቁል፣ ሌላው በ3.43 ሽቅብ ይሄዳል። በላይኛው ጫፍ የሚገባው አንድ ነው፣ በታችኛውም አንድ። በየጫፉ አንድ ቁጥር፣ አለቀ። ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር፣ ፍጥነቱ 3 ሜትር ቢሆን ግን ማዕበሉ 2.21 ብቻ ስለሚሆን ሁለቱም መልእክት ቁልቁል ይወርዳል። ያኔ ሁለቱንም ከላይ እንሰጣለን፤ ከታች ምንም። ይህን ሳውቅ የቦዩን ተዳፋት እያየሁ እንደገና መቁጠር ጀመርኩ። ቁጥሩ የቦዩ ጠባይ እንጂ የእኩልታው ብቻ አይደለማ!

ታችኛው ጫፍ ላይ ጥልቀቱን ብቻ ሰጥቼ አስኬድኩት። ጥርሱ ድራሹ ጠፋ። ግን ማዕበሉ ጫፉን ነክቶ ተገልብጦ ተመለሰ፤ ጉብታ ሆኖ የሄደው ጎድጓዳ ሆኖ መጣ። በሒሳብ አንጻር ምንም እንከን የለውም። ጥልቀቱ የማይነቃነቅ ትልቅ ኩሬ ውስጥ የሚገባ ቦይ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። የእኔ ቦይ ግን ከዚያ ጫፍ በኋላም ይቀጥላል። ስለዚህ ከጥልቀቱ ይልቅ ሽቅብ የሚመጣውን መልእክት ራሱን ዜሮ አደረግሁት። ማዕበሉ ወጥቶ ሄደ።

አንድ ነገር ቀድሜ ባደርገው ኖሮ ሦስቱን ሳምንት አላባክንም ነበር። ቀለል ባለው መስመራዊ እኩልታ ላይ፣ እኩልታውን በማይታወቀው ራሱ አባዝቶ በቦዩ ርዝመት ላይ ኢንቲግሬት ማድረግ፣ ማለትም ከጫፍ እስከ ጫፍ መደመር ነው። መሃል ያለው ይሰረዛል፤ ጫፎቹ ብቻ ይቀራሉ። በየትኛው ጫፍ ኢነርጂ እንደሚገባ፣ በየትኛው እንደሚወጣ ፊት ለፊት ይታያል። እስክሪብቶና ግማሽ ገጽ ይበቃል።

አሁን የያዝኩት ሁለት አቅጣጫ ያለው ሐይቅ ነው። እዚህ መቁጠር ግዴታ ነው፤ ግን አይበቃም። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሳለ፣ ዳሩን ታክኮ የሚሄድ ማዕበል የሞገዱ ርዝመት ባጠረ ቁጥር በፍጥነት ሊያብጥ ይችላል። ይህን የሚለየውን መስፈርት የሒሳብ ሊቁ ሃይንዝ-ኦቶ ክራይስ በ1970 አስቀምጦታል። ኮዱን ገና አልከፈትኩም፤ የዳሩን ሁኔታ በወረቀት እየፈተሽኩ ነው።