ከደም መልስ ጀርባ የታነቀ የሽንት ቱቦ

ባሕር ዳር ውስጥ ቀኝ ጎኑን የሚወጋው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጠጠር ነው፤ አንዳንዱ ቢልሃርዝያንም ያነሳል። የጣና ዳሩ ቢልሃርዝያ ግን አንጀትና ጉበት የሚያጠቃው ማንሶኒ ነው፤ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን የሽንት ቱቦ መዝጋት ልማዱ አይደለም። አልትራሳውንድ ላይ ቀኝ ኩላሊት አብጦ ጠጠር ካልታየ፣ ማቅለሚያ ተወግቶ ሲቲ ስካን መነሳት ይሻላል። ቱቦው እንደ ዓሣ መንጠቆ ታጥፎ ከታየ፣ ደም ወደ ልብ ከሚመልሰው ትልቁ ደም መልስ (ከቬና ካቫ) ጀርባ ዞሮ ተጨምቋል ማለት ነው። ጥፋቱ የቱቦው አይደለም፤ በፅንስነት መክሰም የነበረበት ደም መልስ ሳይከስም ቀርቶ ነው።

ሕመምም የኩላሊት ጉዳትም ከሌለ ክትትል ይበቃል። ካለ ግን የሚቆረጠው ቱቦው እንጂ ደም መልሱ አይደለም። ቱቦው ተቆርጦ ከቬና ካቫ ፊት ለፊት ይመጣል። ጫፎቹ በቁመት ተሰንጥቀው ይሰፋሉ፤ ክብ ለክብ ከተገጠሙ ጠባሳው መልሶ ያጠባቸዋል። ክሩ የሚሟሟ፣ የውፍረት ቁጥሩ 4-0 ወይም 5-0 የሆነ ቀጭን ክር ነው፤ ስፌቱ መወጠር የለበትም፣ ከተወጠረ ሽንት ያፈሳል። ከቬና ካቫ ጋር የተጣበቀውን ቁራጭ በግድ መላጥ ደም ማፍሰስን መጋበዝ ስለሆነ ባለበት መተው ይቻላል።

ስፌቱ እስኪድን የሽንት ቱቦው ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ማስተላለፊያ፣ ዲጄ ስቴንት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ሲሸኑ ጎን መውጋትና ጥቂት ደም የተለመደ ነው፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ያስኬዳል። ከደቅ ደሴት በጀልባ የመጣ ታካሚ ሕመሙ ሲተወው ስቴንቱን ሊረሳው ይችላል፤ ወራት ከቆየ ጠጠር ይጋግርበታል፣ ማውጣቱም ራሱን የቻለ ቀዶ ሕክምና ይሆናል። የማውጫው ቀን መውጫ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ የቤተሰብ ስልክም ይያዝ።