ጠፍቶ የነበረው ሰማይ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ በሙሉ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ አሳለፍኩ። አንድ ብቻ! ከዝናብ በኋላ ያነሳሁት ነው። ዓይኔ ያየው የከበደ ሰማያዊ ደመና ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን የታጠበ አንሶላ የመሰለ ነጭ ሰማይ። ልሰርዘው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ደግነቱ ካሜራው በጄፔግ፣ በተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል፣ ሳይሆን ሮው በሚባለው ጥሬ ፋይል እንዲያስቀምጥ አድርጌው ነበር። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ ሲኖሩት፣ ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል 16,384 ይይዛል። ስለዚህ ነጭ የመሰለ ሁሉ ነጭ አይደለም። ብርሃኑን ዝቅ አድርጌ የደማቁን ክፍል መቆጣጠሪያ ወደ ግራ ስስበው ደመናው ከነእጥፋቱ ብቅ አለ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ፀሐይዋ አጠገብ ያለው ቦታ ግን አልተመለሰም። ከሦስቱ ቀለሞች አንዱ ብቻ ካሜራው ሊመዘግብ ከሚችለው በላይ ሞልቶ ሲፈስ ከሌሎቹ ሁለቱ መገመት ይቻላል፤ እዚያ ግን ቀዩም አረንጓዴውም ሰማያዊውም ሞልተዋል። ሶፍትዌሩ የሰጠኝ ግራጫ ልጥፍ ብቻ ነው።

ከዚያ ስስት ያዘኝ። የሰማያዊውን ድምቀት ጨመርኩ፣ አሁንም ጨመርኩ፤ ሰማዩ የፕላስቲክ ባልዲ መሰለ፣ በዛፎቹ ጠርዝም ነጭ ቀለበት ወጣ። በንዴት ሁሉንም መልሼ የነጭ ሚዛኑን፣ ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለውን፣ ብቻ ትንሽ ነካሁ። ጥላ ውስጥ ያለውን ሣር ላበራ ስሞክር ደግሞ አሸዋ የተበተነበት መሰለ። ተውኩት፣ ይጨልም።

ነገ ስወጣ የሂስቶግራሙን፣ የፎቶውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ፣ ቀኝ ጫፍ (ደማቁን ወገን) እያየሁ፣ ትንሽ አጨልሜ አነሳለሁ።