ቁልቁለት ላይ ብቻ የምትበራው መብራት

ባለፈው ዓመት እናቴን ከእንጦጦ ማርያም ይዤ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ቀይ ምልክት ብልጭ አለች። ክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለባት። የእጅ ፍሬን ሳልለቅ የቀረሁ መስሎኝ እጄን ሰደድኩ፤ ወርዷል። ሜዳው ላይ ስንደርስ ጠፋች። እማዬ «ምንድን ናት እሷ?» ስትለኝ «ምንም አይደለም» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ጠባይዋን እያጠናሁ መጣሁ። አደባባይ ስዞር ትበራለች። ድንገት ፍሬን ስይዝ ትበራለች። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ድርግም ትላለች። ሰፈር ውስጥ «ሽቦ ላልቶ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም መቼም፤ እኔም ሽቦ ቢሆን ደስ ስለሚለኝ አመንኩ።

ሽቦ አልነበረም። ኮፈኑን ከፍታችሁ ከሞተሩ ጀርባ ብታዩ የፍሬን ዘይት የሚቀመጥባት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አለች። ጎኗ ላይ ከፍተኛና ዝቅተኛ መጠን የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች አሉ። ውስጧ ደግሞ ዘይቱ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አለ፤ ዘይቱ ሲወርድ አብሮ ይወርድና መብራቷን ያበራታል። ዘይቱ ልክ ድንበሩ ላይ ሲሆን መኪናዋ ባዘነበለች ቁጥር ወደ አንድ በኩል ይሄዳል፣ መብራቷ ትበራለች፣ መኪናዋ ስትስተካከል ትጠፋለች። ማለትም ያቺ «አንዴ ትበራለች አንዴ ትጠፋለች» ብዬ የናቅኳት መብራት አልተሳሳተችም። ጎድሏል ነው የምትለው።

ጎረቤቴ የድሮ ሹፌር ነው። «አይዞህ፣ ዘይት ብቻ ነው» አለና ከሱቅ አንድ ጠርሙስ ዶት 3 የሚባል የፍሬን ዘይት አስገዝቶ ሞላልኝ። መብራቷ ጠፋች። ሁለታችንም ኮራን። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያው ቁልቁለት ላይ ተመልሳ መጣች።

እዚህ ላይ ነው የኔ ጥፋት። የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የተዘጋ መስመር ውስጥ ነው ያለው። ከጎደለ የሄደበት ቦታ አለ፣ ቦታውም ሁለት ነው። ወይ የፍሬኑ ሸራ፣ ያ እየተፋተገ ጎማውን የሚያቆመው፣ አልቋል፤ ሸራ ሲሳሳ የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ እየወጣ ይቀራል፣ ኋላው ባዶ የሆነውን ቦታ ዘይት ይሞላዋል፣ ስለዚህ ላይ ያለው ቀስ ብሎ፣ በብዙ ወራት፣ ዝቅ ይላል። ወይ ደግሞ የሆነ ቦታ ያፈሳል። በሦስት ሳምንት የጎደለ ዘይት በሸራ ማለቅ አይመካኝም። እና መሙላት ብቻውን መብራቷን ዝም ማሰኘት ነው እንጂ ጥገና አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ጋሼ ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። ገብተው ተቀመጡ፣ ሞተር አስነሱ፣ ፍሬኑን ረግጠው ዝም አሉ። ከዚያ «ና እስቲ አንተ እርገጥ፣ እንዳትለቅ» አሉኝ። ረገጥኩ። ፔዳሉ ቆመ ስል ቀስ፣ ቀስ እያለ እንደ ጭቃ ከእግሬ ስር መስመጥ ጀመረ። ይሄን ሁሉ ጊዜ እየነዳሁ አላስተዋልኩትም፤ ማን መንገድ ላይ ግማሽ ደቂቃ ፍሬን ረግጦ ይቆማል?

ከዚያ ጎንበስ ብለው የጎማዎቹን የውስጥ ጎን አዩ። የኋላው ቀኝ ርሷል። ውኃ አይደለም፣ ያንሸራትታል። ታምቡሩን፣ ሸራውን የሚሸፍነውን ክብ ብረት፣ ሲያወልቁት ሸራውን የሚገፋው ትንሽ ሲሊንደር ጎሚኒው ተበልቶ ሸራው በዘይት ተነክሯል። «ልጄ፣ ያን ሁሉ ዘይት ስትጋብዝ የነበረው ጎማህን ነው» አሉኝ። ዘይት የነካው ሸራ ታጥቦ አይመለስም፤ ደግሞም አንዱን ጎን ብቻ ከቀየሩት መኪናዋ ወደ አንድ በኩል ስለምትጎትት የሁለቱንም ጎን ለመግዛት የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ከገጠሙ በኋላ መስመሩ ውስጥ የገባው አየር እስኪወጣ እየረገጥኩ እየለቀቅኩ እግሬ ዛለ።

እስከዚያ ድረስ እንዴት ቆምኩ? ፍሬን በሁለት የተለያየ መስመር ነው የሚሠራው። በብዙ ትናንሽ መኪኖች አንዱ መስመር የፊት ግራንና የኋላ ቀኝን ይይዛል፣ ሌላው ተቃራኒውን። አንዱ ቢሞት ሌላው ያቆማችኋል፤ ግን ፔዳሉ ጠልቆ፣ መኪናዋም ሩቅ ሄዳ። እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ፣ አህዮች አሉ፣ ታክሲ እንደፈለገው ይቆማል። ያን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

እና እየነዳችሁ ብትበራ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ፔዳሉን ሞክሩ። ጠንካራ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ፣ የእጅ ፍሬኑ መውረዱን እዩ፣ ዘይቱን እዩ። ከለሰለሰ ወይም ከሰመጠ «ጋራዥ ቅርብ ነው» አትበሉ፤ ተጎትታ ትሂድ። እየሄዳችሁ ጭራሽ ወለል ከነካ ግን ደጋግማችሁ በፍጥነት እርገጡ፣ ማርሽ ዝቅ አድርጉ (አውቶማቲክ ከሆነ 2 ወይም ኤል)፣ የእጅ ፍሬኑን ጫፉ ላይ ያለችውን መጫኛ እንደተጫናችሁ በጥቂት በጥቂቱ ሳቡት። በአንዴ ከጎተታችሁት የኋላ ጎማዎች ይያዙና መኪናዋ ትዞራለች። ሞተር አታጥፉ፤ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም የሚያግዘውን ያጣል።

ቢጫዋ የኤቢኤስ መብራት ሌላ ናት። ብቻዋን ከሆነች ተራው ፍሬን ይሠራል፣ ጎማ እንዳይያዝ የሚጠብቀው ነው የሌለው። ቀይዋና ቢጫዋ አንድ ላይ ሲበሩ ነው ነገሩ የከበደው፤ ያኔ መኪናውን አቁሙት።

የማትበራ መብራትም አለች። አንድ ዘመዴ ያገለገለ መኪና ገዝቶ «አንድም ምልክት የላት፣ ንጹሕ ናት» እያለ ሲያወራልን ከረመ። አምፖሏ ወጥታለች። ቁልፉን ስትከፍቱ ሞተሩ ሳይነሳ ቀይዋ ለትንሽ ሰከንድ መብራት አለባት። የእጅ ፍሬኑን ስትስቡም እንደዚያው። መኪና ልትገዙ ከሄዳችሁ ቀለሙን ከማድነቃችሁ በፊት ይቺን እዩ።

ያቺ መብራት ሁሉንም አታይም ደግሞ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ፍሬን ላይ ተኝታችሁ ከወረዳችሁ ያረጀው ዘይት ይፈላል፣ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ዘይቱ ግን ዕቃው ውስጥ ሙሉ ስለሆነ መብራቷ ላትበራ ትችላለች። ለዚያ ቁልቁለት መድኃኒቱ ከላይ ጀምሮ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድና ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር ነው።

የተረፈችኝን ግማሽ ጠርሙስ ለክፉ ቀን ብዬ ኮፈን ውስጥ አስቀምጫት ነበር። ጋሼ ክዳኗ መላላቱን አይተው «ይሄ አየር ሲጠጣ የከረመ ነው» ብለው ወሰዷት። ጎረቤቴ ያን ቀን ሲሞላ መከላከያው አጠገብ ጠብ ያደረጋት አንድ ጠብታ ግን ቀለሙን አንስታዋለች። ባለቤቴ መቼ ነው የምታስቀባው ትለኛለች። ጎረቤቴ ደግሞ ባለፈ ቁጥር ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል።