«ኑንካ» ያሉት ሴትዮ

ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ነበር የምሠራው። ክሊኒኩ ጭንቀት ለበዛባቸው ስፓኒሽ ተናጋሪዎች የማይንድፉልነስ ሥልጠና ይሰጣል። ማይንድፉልነስን «ልብ ማለት» ብንለው ብዙም የምንርቅ አይመስለኝም። ሰፈሩ ኤልሳልቫዶርና ሐበሻ የሚጋፉበት ነው፤ ፑፑሳ የሚባለው የሳልቫዶሮች ቂጣ የሚበላበትና እንጀራ የሚሸጥበት ጎን ለጎን ናቸው። የኔ ሥራ ግን ከሰው ጋር አያገናኝም። ሠልጣኞች የሞሉትን መጠይቅ ኤክሴል ላይ አስገባለሁ፣ የተበላሸ ካለ እለያለሁ። በቃ።

መጠይቁ በሙያው የታወቀ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሩት ቤርና ባልደረቦቿ በ2006 አሜሪካ ውስጥ ያወጡት፣ 39 ዓረፍተ ነገር ያለው። በ2012 ደግሞ ስፔን ውስጥ ወደ ስፓኒሽ ተመልሶና ተፈትሾ ታትሟል። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። 1 «በፍጹም ወይም ከስንት አንዴ» ነው፣ 5 «በጣም ብዙ ጊዜ ወይም ሁልጊዜ»። ከ39ኙ 19ኙ ተገልብጠው ነው የሚቆጠሩት። «በቀላሉ እዘናጋለሁ» ለሚለው 5 የሰጠ ሰው 1 ይያዝለታል። ልብ የሚል ሰው ከፍ ያለ ነጥብ እንዲያገኝ ነው።

አንድ ሐሙስ ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳስገባ ቅጾቹ ይጋጩብኝ ጀመር። «እዘናጋለሁ» ለሚለው 5። ወረድ ብሎ «የማደርገውን ልብ አልልም» ለሚለው ደግሞ 1። እኚህ ሰው ይዘናጋሉ ወይስ አይዘናጉም? እንዲህ ያሉ ዘጠኝ ቅጾች አገኘሁ። ፎልደር ከፈትኩና «ሳያነቡ የሞሉ» ብዬ ጻፍኩበት። ለሞላ ሰው የ20 ዶላር የስጦታ ካርድ ይሰጥ ስለነበር፣ «ካርዷን ተቀብሎ ለመሄድ ነው» ብዬ በልቤ አማኋቸው። ሐሜት መቼ ይከብዳል!

በማግስቱ ሳልቫዶራዊቷ ባልደረባዬ ክምሩን አየችው። የላይኛውን ቅጽ አንስታ ሳቀችብኝ።

«እኚህን ነው ሳያነቡ ሞሉ የምትዪው? መነጽራቸውን ረስተው መጥተው፣ እያንዳንዷን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋን በሥልጠናው ቀን ጠበቅናቸው። ስድሳን የተሻገሩ፣ ማታ ማታ ቢሮ የሚያጸዱ እናት ናቸው። ባልደረባዬ ያቺኑ ዓረፍተ ነገር እንደገና ታነብላቸው ጀመር። «ኖ ፕሬስቶ አቴንሲዮን…» ልብ አልልም እንደማለት ነው። ሳትጨርስ እጃቸውን አወናጨፉ።

«ኑንካ!»

በፍጹም ማለታቸው ነው። ምን ለማለት እንደፈለጉ ጠይቂልኝ አልኳት።

«ልብ አልልማ! በፍጹም! ትናንት እንኳ ቁልፌን ፍሪጅ ውስጥ ነው ያገኘሁት።»

ነገሩ የገባኝ በአማርኛ ነው። «ልብ አልልም» ለሚል ዓረፍተ ነገር «በፍጹም» ብዬ ብመልስ፣ በጆሮዬ የሚመጣው «በፍጹም ልብ አልልም» ነው። እናቴም እንደዚያው ትመልስ ነበር። ስፓኒሽም አሉታን በአሉታ ላይ ይደርባል። «ኑንካ» ፊት የመጣውን «ኖ» አያፈርሰውም፣ ያጠብቀዋል እንጂ። መጠይቁ ግን ሒሳብ ነው የሚሠራው፦ ልብ አለማለት በፍጹም ካልደረሰባቸው፣ ሁልጊዜ ልብ ይላሉ ማለት ነው። ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጡት ሴትዮ 1 ብለው፣ ተገልብጦ 5 ተያዘላቸው።

ዘጠኙንም አንድ በአንድ ጠየቅን። ሁለቱ በእርግጥም ሳያነቡ ነበር የሞሉት፤ አንደኛው ራሱ አመነ። የቀሩት ሰባቱ «ኖ» እና «ኑንካ»ን እንደ ሴትዮዋ የደረቡ ናቸው። የፎልደሩን ስም አጠፋሁት። የተፈተሸን መጠይቅ ደግሞ ስላልተመቸን አንለውጠውም፤ አንዲት ቃል ከነካን ውጤቱ ከሌላው ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ጥያቄው እንዳለ ሆኖ፣ አሉታ ባለበት ሁሉ መልሱ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይደገምላቸው ተባለ። የድሮውንም ቁጥር ሳንነካ አዲሱን ከጎኑ በሌላ ዓምድ አስገባሁ።

ሴትዮዋ ሊሄዱ ሲነሱ ሌላ መልሳቸውን አየሁ። የሰዓት ድምፅ፣ የወፍ ጩኸት፣ የሚያልፍ መኪና ልብ እንደሚሉ ለሚጠይቀው 5 ሰጥተዋል። አሉታ የለበትም፣ አይገለበጥም፣ ከምንም ጋር አይጋጭም። ይኼንን እንኳ ዝም ብዬ ነው የጠየቅኳቸው።

«እንዴት አልሰማ ልጄ? ልጄ ሌሊት ምግብ ያመላልሳል። መኪናው በር ላይ እስኪቆም እንቅልፍ የለኝም።»

ይኼ መጠይቅ «ማስተዋል» የሚለው አንድ ክፍል አለው፤ የሰዓት ድምፅ የምትለዋም ጥያቄ ያለችው እዚያ ነው። ቤርም በ2006 ያንን ክፍል ሜዲቴሽን በማያውቁ ሰዎች ላይ ስትሞክረው ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር አልሄድ ብሏት ነበር። ሴትዮዋ በዚያች ጥያቄ ሙሉ ነጥብ አግኝተዋል። እኔም ሐሙስ ማታ ያለምንም ጥርጣሬ ያስገባኋት ቁጥር ነበረች።